የሜጀር ላክሳማና የመጨረሻ ጄት

ሜጀር ሌዮቪኖ ላክሳማና የሞቱት በጡረታ በወጣ ጄት ውስጥ ተቀምጠው፣ ከመሬት አንዲት ስንዝር ሳይነሱ ነው።

ኢንስፔክተር ፐርፔቱዋ ማልያሪ ከክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት በቀጥታ ተጠርታ ሳንታ ፌሊሳ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ከሃንጋሩ ውጭ፣ ሣር በዋጠው ሜዳ ላይ፣ አየር ኃይሉ ያሰናበታቸው አሮጌ አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ሄሊኮፕተር፣ ክንፏን ያጣች ቶራ-ቶራ የምትባል ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ አፍንጫዋ የዛገ ማሰልጠኛ ጄት። ጣሪያ ሥር የገባችው አንዷ ብቻ ናት፤ ኤፍ-ፋይቭ የምትባል ተዋጊ ጄት። ለከተማዋ ቅድስት በዓል አደባባይ ላይ ልትተከል ስለነበር ግማሽ ጎኗ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

ሜጀሩ በአብራሪው ወንበር ላይ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለዋል። እግራቸው ሥር የቀለም ማስለቀቂያ ጣሳ ተገልብጧል። በመስታወት ክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ የመዳፍ አሻራ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ።

«ትነቱ ነው» አለ ሐኪሙ። «ይህ ነገር በተዘጋ ቦታ ሰው ይገድላል። ጊዜም አይሰጥ።»

«ክዳኑ በራሱ ወደቀባቸው ማለት ነው፤ አደጋ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ኢንስፔክተሯ መሰላሉን ወደ አውሮፕላኗ አስጠጋች። በዝናቡ መግቢያ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ አስከሬን ስታይ ምንም አይሰማትም፤ ምግብም አይጥማት። ሰው «ጠነከርሽ» ይላታል። ጥንካሬ እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች፤ ብቻ ከሥራዋ አላስተጓጎላትም። መሰላሉን ወጥታ የአብራሪውን ክፍል በእርጋታ ተመለከተች። ክዳኑን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። እጀታው ራሱ ከታች የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአሸዋ ወረቀት አጠገብ፣ ግማሽ ድረስ ተወልውሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ውጭውን አየች። በአውሮፕላኗ ላይ፣ በአየር ማስገቢያዎቹና በጎማዎቹ ዘንድ፣ «ይህን ሳታነሣ አትብረር» የሚባልባቸው ቀያይ የናይሎን ጥብጣቦች ተንጠልጥለዋል። ክዳኑን ከውጭ የሚቆልፈው እጀታ ላይ የታሰረው ቀይ ግን ናይሎን አልነበረም። ጥጥ ነው፤ ትናንሽ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ቋጠሮው የጠበቀ፣ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ እንደኖረ ልብስ መስመር የሠራ። አፍንጫዋን ጠጋ አደረገች። ናፍታሊን ሸተታት። ፈትታ በፕላስቲክ ከረጢት አደረገችው።

ክንፉ ላይ አንድ የበረራ ቦርሳ ተከፍቶ ይታያል፤ ሄልሜቱ ከሥሩ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቦርሳውን አሸተተችው። እሱም ናፍታሊን ነው።

አስከሬኑን ያገኘው ኮንሰሃል ቴዎፊሎ ሱንጋ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ በመሐረብ ፊቱን ያራግባል።

«ሥራው የት እንደደረሰ ልይ ብዬ ከአደባባዩ መጣሁ» አለ። «የሃንጋሩ በር ዝግ ነው። ከፍቼ ገባሁ። ተኝተዋል ብዬ መስታወቱን ደበደብኩ። ዝም። እጀታውን አዙሬ ከፈትኩትና…» አፉን በመሐረቡ ያዘ።

«ተቆልፎ ነበር?»

«ጥርቅም ብሎ!»

«እጀታው ላይ የታሰረውን ጨርቅስ አላዩትም?»

«ለበዓሉ ያሰሩት ጌጥ መሰለኝ።»

«በራሱ የወደቀ ክዳን በራሱ አይቆለፍም ኮንሰሃል። እጀታውን ከውጭ ያዞረ ሰው አለ። ሜጀሩ ደግሞ የውስጡን እጀታ ነቅለው ለውልወላ ያወረዱት ራሳቸው ናቸው፤ መውጫ በሌለው ቦታ ላይ ክዳን በራሳቸው ላይ አይዘጉም።»

ሱንጋ መሐረቡን አወረደው። «ማም፣ እኔን እያዩ አይናገሩ እንጂ!»

«ከሜጀሩ ጋር ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ስለ ስም ነው! የምትቆምበትን መሠረት ያሠራሁት እኔ፣ ስሜ ከአፍንጫዋ ሥር ይጻፍ ብል ምን ነውር አለው?»

«ምን አሉዎት?»

«‹አብረሃት ካልበረርክ አብረሃት አትቆምም› አሉኝ። ሌላም ጨምረዋል፤ ሴት ፊት አይነገርም።»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«መድረክ ላይ፣ ማይክ ይዤ! ከተማው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

እውነቱን ነበር። አየር ኃይሉ ከአገልግሎት የሚያወጣቸው አሮጌዎቹ ብሮንኮ የተባሉ አውሮፕላኖች በዚያ ጠዋት በሳንታ ፌሊሳ ሰማይ ላይ አልፈው ይሰናበታሉ ተብሎ ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የሃንጋሩ መንገድ ጭር ማለቱም ለዚህ ነው።

የሜጀሩ ሚስት ኮንሶርሲያ ኢንስፔክተሯን የተቀበሏት የባላቸውን ሸሚዞች እያጣጠፉ ነበር። አላለቀሱም። አጥፈው የጨረሱትን መልሰው ይዘረጉትና እንደገና ያጥፉታል።

«ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያን አበባ ስናስር ዋልን» አሉ። «መጥተው የነገሩኝም እዚያው ነው። ተቀመጪ ልጄ።»

«ዳራ ኮንሶርሲያ፣» አለች ኢንስፔክተሯ፣ አክስቴ እንደማለት፤ «የበረራ ቦርሳቸውን ዛሬ ነው ይዘው የወጡት?»

«ዛሬ ነው። ያ ሱንጋ ሄልሜቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ብሎ ሲነዘንዘው ከረመ። ቦርሳው ቁም ሣጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ልጠበው ስል እንኳ ተቆጥቶኛል።»

«ለምን?»

ሴትየዋ ሸሚዙን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ኤልመር ከሞተ ወዲህ መብረር ተወ። ኤልመርን ታውቂዋለሽ፤ የኔሜሲዮ ልጅ።»

ታሪኩን ኢንስፔክተሯም በጨረፍታ ሰምታዋለች። ሜጀሩ ከአየር ኃይሉ በጨረታ የወጣች አንዲት አሮጌ ማሰልጠኛ አውሮፕላን ገዝተው ነበር። ኔሜሲዮ ታያግ፣ ሜጀሩ ጄት ሲያበሩ በነበረበት ዘመን ሁሉ መካኒካቸው የነበሩት ሰው፣ ይጠግኗታል። የነዳጅ መስመሯ ተሰንጥቆ መለዋወጫ ፍለጋ ማኒላ በሄዱበት ቀን፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለእረፍት የመጣው አብራሪ ልጃቸው ኤልመር አስነሥቷት ወጣ። ከሸንኮራ እርሻው አልፎ አልተመለሰም። የተበላሸች አውሮፕላን መሪ ላይ መታሰር የነበረበት ቀይ ጨርቅ አልተገኘም። አባትየው ረሳው ተባለ።

«በዚያ ቀን ቤታችሁ ምን ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የባሌ ልደት ነበር። ከማኒላ እንግዶች ጠርቶ፣ ኤልመር በቤታችን ላይ ያልፋል ብሎ ሁላችንንም ግቢ አውጥቶ ነበር።» ሸሚዙን እንደገና አነሡ። «አለፈም። እጃችንን አውለበለብንለት።»

ኔሜሲዮን በቤታቸው ጓሮ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሞተር ጩኸት ዘመናቸውን ሙሉ ጆሯቸውን በልቶታል፤ ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ ጮክ ማለት ነበረባት።

«ባፓ ኔሜ፣» አለች፣ አጎቴ እንደማለት፤ «የሜጀሩን ነገር ሰሙ?»

«ሰማሁ። ጎረቤት ነገረኝ።»

«ዛሬ ሃንጋር አልሄዱም?»

«አልሄድኩም። ጣሪያዬ ያፈስሳል። እዚያ ላይ ሆኜ ስጠግን አረፈድኩ።»

«ከዚያ ላይ ሆነው ትርኢቱን አዩት ማለት ነው።»

«አየሁት እንጂ። ሁለት ብሮንኮ። ባለ ሁለት ጅራት። በቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ዝቅ ብለው አለፉ።» እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉት፤ ጥቁር ዘይት የነከሰው ሰፊ እጅ ነው። «እነዚያን ሞተሮች ስንት ዘመን ፈትቻቸዋለሁ መሰለሽ።»

«ሲሰናበቱ ሲያዩ ምን ተሰማዎት?»

«ምንም።»

ቃሉን የተናገሩበት መንገድ ኢንስፔክተሯን አስቆማት። የራሷን ድምፅ የሰማች መሰላት።

«ስለ ኤልመር ልጠይቅዎ?»

«ምን ይጠየቃል? እኔ ነኝ የገደልኩት። ጨርቁን ሳላስር ሄድኩ።» ይህን ያሉት ሰው አድራሻውን ሲናገር እንደሚናገር ነው። «መጀመሪያ አስሬዋለሁ እል ነበር። ሁሉም አላሰርክም ሲለኝ እጄን ማመን ተውኩ።»

የኤልመር ሚስት አራሴሊ አደባባዩ ዳር ፓንሲት የሚባል ኑድል ትሸጣለች። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ድስቷን እየፋቀች ነበር።

«ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነሽ?»

«የት እሄዳለሁ ማም? ገበያው እንደ ዛሬ ደርቶ አያውቅ። ሱንጋ ይባረክ! ብሮንኮ ላሳያችሁ ብሎ ሰው ሰብስቦ ባለ አንድ አፍንጫ ቱካኖ አመጣብን። እሱ እቴ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ‹እነሆ ብሮንኮዎቻችን!› እያለ በማይክ ይጮሃል። ሰው በሳቅ ሲንከባለል የበላውን ሁሉ ደገመ።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ብሮንኮዎቹ አልመጡም?»

«የት መጥተው! ጠዋት ትእዛዝ ተለውጦ ለሽኝቱ ሥነ ሥርዓት በጦር ሠፈራቸው ቀሩ አሉ። በምትካቸው አዲሶቹ መጡ። አንድ አንድ ፕሮፔለር፣ አንድ አንድ ጅራት። ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል።»

«ሜጀሩ ይረዱሽ ነበር ይባላል።»

«የልጄን ትምህርት ይከፍሉ ነበር። ሰው ያሻውን ያውራ።»

«አማችሽስ?»

«አማች የለኝም።» ድስቱን በኃይል ፋቀችው። «በቀብሩ ላይ ሜጀሩ እጄን ይዘው ‹ኔሜ አርጅቷል፣ ይቅር በዪው› አሉኝ። አላልኩም። ልጄንም አላሳየሁት።»

ኢንስፔክተሯ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አራሴሊ ቀይ ጨርቁን አየች። እጇ ቆመ።

«ይህን… ከየት አመጡት?»

«ታውቂዋለሽ?»

«የኤልመር የበዓል ሸሚዝ ነው። እጅጌው ሲቀደድ ታታንግ ኔሜ ‹ናይሎኑ በፀሐይ ይበጣጠሳል፣ ለአውሮፕላኗ ቁረጪልኝ› አለኝ። አንዲት ብጣሽ ቆርጬ ሰጠሁት። አንዲት ብቻ።» ቀና አለች። «ይህ ጠፍቶ ነበር እኮ ማም።»

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ነገ ጠዋት ሃንጋር ነዪ።»

በማግሥቱ አራቱም ኤፍ-ፋይቯ ሥር ተሰበሰቡ። ኮንሶርሲያ ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ፤ ሱንጋ እንደተቆጣ፤ አራሴሊ ከበሩ አጠገብ። ኔሜሲዮ ከክንፉ ሥር ቆመው በመዳፋቸው የአውሮፕላኗን ሆድ ይዳስሳሉ፤ ሰው ላም ሲዳስስ እንደሚያደርገው።

ኢንስፔክተሯ ሽማግሌው እንዲሰሟት አጠገባቸው ቆማ ጮክ ብላ ጀመረች።

«ሜጀር ላክሳማና በአደጋ አልሞቱም። ክዳኑ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ የውስጡ እጀታ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ። ስለዚህ አንድ ሰው እሳቸው ውስጥ ሆነው ቀለም ሲያስለቅቁ ዘጋባቸው። ይህ የመጀመሪያው ነው።»

«ይህንን ለእኔ ትናንት ብለውኛል» አለ ሱንጋ።

«እርስዎ አፍ ባይከፍቱ ይሻልዎታል፤ ስም ለማስጻፍ ሰው አይገደልም ብዬ ነው የተውኩዎት። ቀጥሎ ጨርቁ። የቆለፈው ሰው ከውጭ እጀታው ላይ ይህን አስሯል። ናፍታሊን ይሸታል፤ ለብዙ ጊዜ ታጥፎ ኖሯል። እዚህ ሃንጋር ውስጥ ናፍታሊን የሚሸት ሌላ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የሜጀሩ ቦርሳ። ያ ቦርሳ ከኤልመር ሞት ወዲህ አልተከፈተም። ትናንት ግን ተከፈተ።»

ኮንሶርሲያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጨርቁ ምንድን ነው? አራሴሊ ከባሏ ሸሚዝ ቆርጣ ለአማቷ የሰጠችው ነው። ሁለተኛ የለውም። አውሮፕላኗ እንዳትበር መሪው ላይ የሚታሰረው እሱ ነበር። ታዲያ በሜጀሩ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ አንድ ነው። ባፓ ኔሜ ማኒላ ከመሄዳቸው በፊት አስረውታል። የፈቱት ሜጀሩ ናቸው። እንግዳ ጠርተዋል፣ ኤልመር ያልፋል ብለው ቃል ገብተዋል፤ አንድ ቀን ብትበር ምንም አትሆንም አሉ። ኤልመር መሪው ባዶ ሆኖ አገኘው፤ በረረ።»

ከአራሴሊ አፍ አንድ ድምፅ ወጣ። ቃል አልነበረም።

«ከዚያ በኋላ ሜጀሩ ጨርቁን መጣልም፣ ማውጣትም አልቻሉም። ቦርሳው ውስጥ ተዉት። አባትየው ረሳ ሲባል ዝም አሉ።»

«ገዳዩስ?» አለ ሱንጋ፤ ድምፁ ቀንሷል።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጨርቅ ይደብቀው ወይም ያቃጥለው ነበር። የሰው እጅ ሳያስብ የሚሠራው ሥራ አለ። የዘጋውን አውሮፕላን ያለ ቀይ ጨርቅ ትቶ የማይሄድ እጅ፣ ከእናንተ መካከል፣ አንድ ብቻ ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ባፓ ኔሜ፣ ከጣሪያዎ ላይ ሆነው ሁለት ብሮንኮ አየሁ ብለውኛል። ያለፉት ቱካኖዎች ናቸው። ብሮንኮ ሲፈቱ የኖሩት እርስዎ፣ ደጅ ቢሆኑ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። ጆሮዎ አይለይም፤ ዓይንዎ ግን ይለያል። ሰማይ በማይታይበት ቦታ ነበሩ። በሩ በተዘጋ ሃንጋር ውስጥ።»

ኔሜሲዮ እጃቸውን ከአውሮፕላኗ ላይ አላነሡም።

«መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ላይ ተሰማኝ» አሉ። «ብሮንኮዎቹ ናቸው አልኩ።» ወደ አብራሪው ወንበር ቀና አሉ። «ሜጀሩ ‹ሄልሜቴን አቀብለኝ› አለኝ። ቦርሳውን ስከፍት ጨርቁ አብሮ ወጣ። ልጄ ለብሶት ያየሁ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ማየቴን አየ። ‹ኔሜ፣ ልነግርህ ነበር› አለ መሰለኝ፤ ከንፈሩን አይቼ ነው። እጀታው እጄ ሥር ነበር። አዞርኩት።»

«ሲደበድብ አልሰማህም?» አሉ ኮንሶርሲያ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገሩት።

«አይሰማኝም እኮ፣ ኮንሶርሲያ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ቆሜ አየሁት። እቆጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ፣ አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሲያበቃ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጨርቁን ማሰሬን አላስታውስም።»

ኮንሶርሲያ ተነሥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በጓሮ በር ወጡ። ሱንጋ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አራሴሊ ከበሩ ተነሥታ መጥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አስረኸው ነበር» አለች።

«አስሬው ነበር።»

«ለምን አልተሟገትከኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ በደጃፍህ ሳልፍ እተፋ ነበር። ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንቺ እውነት መሰለሽ» አሉ። «እኔም አንቺን አመንኩ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ተወው አለችው። ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዛ ወደ መኪናው መራቻቸው፤ የኋላውን በር ከፍታ ጎንበስ አድርጋ አስገባቻቸው። አሁን አንድ ነገር ሊሰማት ይገባ ነበር። መሪውን ስትይዝ ጣቶቿን አየቻቸው፤ አይንቀጠቀጡም።

የኋላው በር በወዲያኛው በኩል ተከፈተ። አራሴሊ ገብታ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች፣ በሩንም ሳበችው። አላየቻቸውም፤ እሳቸውም አላዩዋትም። ሁለቱም ፊት ለፊት ይመለከታሉ።

«ማም፣ ይህ አይፈቀድም» አለ ፖሊሱ በመስኮቱ በኩል።

«አውቃለሁ» አለች ኢንስፔክተር ማልያሪ፤ ሞተሩንም አስነሣች።